መስኮት ሰባት ላይ ከሞተችው ሙሽራ

ይድረስ ለክቡር የታሊናይ ከተማ ፓስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለምክትልዎ ምክትል፣ እንዲሁም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከፋሲካ ጀምሮ ታሞ ለተኛው ፎቶ ኮፒ ማሽን ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ቢፈልጉ፣ በቢሮዎ መዝገብ መሠረት ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በኩፍኝ ሞቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን፣ አልፎ አልፎ ከሚነሳብኝ የወገብ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በእጄ ላስገባው ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ካየ በኋላ በታላቅ ትሕትና «ከሟች ማመልከቻ አንቀበልም እህቴ፣ ወራሽ ካለሽ ላኪ» አለኝ። ወራሼ ባሌ ነው፤ እሱ ደግሞ የዚያን ዕለት የጀልባ ሞተር ሊጠግን ሄዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኦገስት ከአቶ ሬናንቴ ፓባሊናስ ጋር ተጋባን። ሬናንቴ መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ለሠርጋችን ቀን እንኳ ሊለቅለት አልቻለም። በእኛ በፊሊፒንስ ያገባች ሴት የባሏን የቤተሰብ ስም ብትወስድ ትችላለች፤ ሕጉ ግዴታ አይደለም ይላል፤ የባሌ ታላቅ እህት ሜርሊታ ግን ግዴታ አድርጋዋለች። ለጫጉላ ሽርሽራችን ስጦታ እንዲሆን ወደ ቬትናም፣ ወንዟ ላይ የወረቀት ፋኖስ ወደሚንሳፈፍባት ወደ ሆይ አን የሚወስድ ትኬት ቆርጣ፣ ቀለበቱ ጣቴን ገና ሳይለምደው፣ «ፔርፔቱዋ ፓባሊናስ» ተብሎ የታተመበትን ወረቀት በሠርጉ ምሳ ላይ ከፍ አድርጋ እያውለበለበች «በይ እንግዲህ የኔ እመቤት፣ ስምሽን ካልቀየርሽ አውሮፕላኑ ወንድሜን ብቻውን ይዞት ይሄዳል!» አለችኝ። የቆረጠችው ለሙታን ቀን ነው፤ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሻማና ምግብ ይዞ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ስለሚሄድ አውሮፕላኑ ሰው አይበዛበትም ብላ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳህኗን ገፋ አደረገችና «የሙታን ቀን?» አለች። የእኔ ልብ ግን የአሳማው ጥብስ ላይ ነበር።

አሮጌው ፓስፖርቴ፣ ቻይና፣ ማካው ባለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ላጥብ ስሄድ ከአሥር ዓመት በፊት ቢሮዎ የሰጠኝ፣ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ስለዚህ አዲስ ስምና አዲስ ፓስፖርት አንድ ላይ ፍለጋ ወደ እርስዎ መጣሁ። ቅሬታዎቼንም እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ቅደም ተከተሉ መሐል ላይ ቢጠፋብኝ ከቢሮዎ የተማርኩት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ ስለ ፎቶግራፉ። ፎቶ አንሺው ሙሽራ መሆኔን ሳይጠይቀኝ ያወቀ ይመስለኛል፤ አፌ አልገጠም ብሎ አስቸግሮት ነበርና። «አትሳቂ» አለኝ። አልሳቅኩም። «ዓይንሽም አይሳቅ።» ሞከርኩ። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ምንም አታስቢ... አሁን! አሁን በጣም ጥሩ ሆነሻል!» አለና አነሳኝ። ፎቶው ሲወጣ አንዲት በጣም ጸጥ ያለች፣ ከእኔ ጋር የምትመሳሰል፣ ግን እኔን የማታውቀኝ ሴት ታየችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ባለሙያው ከሁላችን ቀድሞ እንዳያት ይሰማኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ መስኮት ሰባት። እዚያ የምትሠራው ወይዘሪት ግሬቸል መልካም ልጅ መሆኗን በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶቼን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። እኔን አየች። ኮምፒውተሩን አየች። ደግማ እኔን አየችና፣ ሰልፈኛው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እህት፣ ትንሽ ችግር አለ» አለችኝ። ምን ዓይነት ችግር ስላት «ሞተሻል» አለች። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ንግግር ሰው አስቀድሞ መልስ አያዘጋጅም፤ ስለዚህ «መቼ?» አልኳት። «በአሥራ አራት ወርሽ።» አጠገቤ የቆመው ሬናንቴ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስገብቶ «ታዲያ ሠርጉ ላይ ያን ሁሉ ጥብስ ማን በላው?» ብሎ ጠየቀ። ግሬቸል አልሳቀችም። የየደብሩ የቀብር መዝገቦች ዘንድሮ ወደ ኮምፒውተር መግባታቸውን አስረዳችንና ከኮምፒውተሩ ገጽ ላይ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን፤ ፔርፔቱዋ ማግባኑዋ፣ የሲክስቶና የኤውፌሚያ ልጅ፣ ቡላክናይ ደሴት፣ በኩፍኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀበረች። አባት የእኔ አባት፣ እናት የእኔ እናት፣ የልደት ቀን የእኔ የልደት ቀን።

«መዝጋቢው ተሳስቶ ይሆናላ!» አልኳት። «ሊሆን ይችላል» አለች ግሬቸል፤ ፊቷም በራ፤ ለስሕተት የሚሆን ወረቀት ነበራታ። የወረቀቱ ስም «የአንድና ያው ሰው ቃለ መሐላ» ይባላል። ከዚያች ፔርፔቱዋ ጋር አንድና ያው ሰው መሆኔን እኔ እምላለሁ፤ ሌላ ልጅ አልወለድኩም፣ ልጅም አልሞተብኝም ብላ እናቴ ትፈርማለች፤ የሞቱ መዝገብ ይሰረዛል። «ከዚያ በኋላ እህቴ፣ ባልሽን ይዘሽ መብረር ነው!» ስለ ቅልጥፍናዋ አመሰግናታለሁ። ሰው ከሞት የሚነሳው በሦስተኛው ቀን ነው ሲባል ነው የሰማሁት፤ እሷ ግን ለማግስቱ ከሰዓት በፊት ነበር የቀጠረችኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ከመጻፌ በፊት እናቴን ላስተዋውቅዎ ይገባል።

እናቴ ኤውፌሚያ እዚያው ቡላክናይ ደሴት ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ አባቴ ካረፈ ቆየ። በጀልባ ተሻግረን ስንደርስ በራፏ ላይ ዓሣ እየሰነጠቀች ፀሐይ ላይ ታሰጣ ነበር። በሳቅ ልጀምርላት ብዬ «እማዬ፣ ሞተሻል አሉኝ እኮ» አልኳት። «ማነው ያለሽ?» «መንግሥት።» ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «አሁን ነው እንዴ የሰሙት?» አለች።

ክቡርነትዎ የዚህን ዓይነት መልስ ከእናትዎ ሰምተው እንደማያውቁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከእኔ በፊት ሌላ ልጅ ነበረች። ፔርፔቱዋ እሷ ናት። ስትወለድ ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለነበር አባቴ ከተማ ተሻግሮ አስመዘገባት። ስትሞት ማዕበል ነበር፤ ጀልባ አልነበረም፤ የጻፏት ቄሱ ብቻ ናቸው፣ በራሳቸው ደብተር። እኔ እሷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ላይ ተወለድኩ፤ እኔን ማንም አላስመዘገበኝም። ቤት ውስጥ ዳዳይ ይሉኝ ነበር፤ ደሴት ላይ ልጅን ለመጥራት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከዚያ ትምህርት ቤት መግቢያዬ ደረሰና መምህሯ ወረቀት ከሌላት ወንበር የላትም አለች። ቤት ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ማኅተሙ ያልደበዘዘ አንድ የልደት ወረቀት ነበር።

«ምን ላድርግ ልጄ?» አለችኝ እናቴ። «እሷ አትጠቀምበትም ብዬ ነው።»

ሬናንቴ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ተወው። እናቴም ዓሣዎቿን አንድ በአንድ እየገለበጠች ቀጠለች፤ ያን ወረቀት ለመምህሯ ከሰጠች በኋላ ለስድስት ዓመት በየጥዋቱ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ትቆም እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ገበያ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ስም ሲጠራ ልትሰማ ነው የምትመጣው። «መምህሯ 'ፔርፔቱዋ ማግባኑዋ!' ትላለች። አንቺ 'አቤት!' ትያለሽ። በቃ፣ እሱን ሰምቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡር ሆይ፣ የኖርኩበት ቤት ሁሉ አንድ ክፍል የጨመረ ይመስለኛል። በየልደቴ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጠኝ ተብሎ ፓስታ የመሰለው ቀጭን ምግብ ሲሠራ፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ሁለተኛ ሳህን የማን እንደሆነ ስጠይቅ «የእንግዳ ነው» ትለኝ ነበር። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ ድመት ነበረችን፤ ድመቷ ናት ብዬ ነው ያደግሁት። በየሙታን ቀኑም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በነጭ ኖራ የተቀባች፣ ስም ያልተጻፈባት፣ ከሩዝ ማድጋ የማትበልጥ መቃብር ነበረች። እናቴ ሻማውን ለእኔ ሰጥታ «አንቺ አብሪላት» ትለኝ ነበር። ማን ናት ስላት «የኛው ልጅ ናት» ትለኛለች። በሕይወቴ ሙሉ በገዛ ስሜ መቃብር ላይ ሻማ ሳበራ ኖሬያለሁ፤ ነፋስ ሲያጠፋውም ደግሜ አበራለሁ፤ አንዳንዴም ድካሙ ሲሰለቸኝ ያቺን ልጅ በልቤ እሰድባት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ቃለ መሐላው። እናቴ እምቢ ብትል ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ፤ በእሷ አሳብቤ በተቀመጥኩ። እሷ ግን በማግስቱ በሠርጌ ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን ጀልባው ውስጥ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ፣ ከተማ ወረደች። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቃለ መሐላ የሚያረጋግጡት ጠበቃ አርሴኒዮ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡላት። ከአንዲት ልጅ በቀር አለመውለዷን፣ ይህችውም ልጅ በሕይወት መኖሯን፣ ቡላክናይ መቃብር ውስጥ በስሟ የተቀበረ ማንም አለመኖሩን ይላል። እናቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠችና «ጌታው፣ እኔ ከፈረምኩ በኋላ እዚያ ያለችው ማን ትሆናለች?» ብላ ጠየቀች። ጠበቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የጠየቁትን የሚመልሱ ሰው ናቸው። «በወረቀት ደረጃ ማንም አትሆንም እናቴ። ባዶ ቦታ ነው የሚሆነው» አሉ።

«ባዶ» አለች እናቴ።

ከዚያ ብዕሩን አነሳች። «ነይ ወዲህ፣ ወረቀቱን ያዥልኝ፣ ነፋሱ ይወስደዋል። አውሮፕላኑም እንዳያመልጥሽ» አለችኝ። የስሟን ሁለት ፊደላት እስክትጽፍ ድረስ ይዤላታለሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው። ሁለት ፊደል ያህል ጊዜ ፋኖሶቹንና ወንዙን አስቤአለሁ፤ ለሜርሊታ ምን እላታለሁ ብዬም አስቤአለሁ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ከብዕሯ ሥር ጎትቼ ወሰድኩት፤ ከፊደሎቹ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ድረስ ረጅም የቀለም መስመር ተሰመረበት። ጠበቃው «ኧረ አበላሸሽው!» ብለው ጮኹ። ሬናንቴም ባርኔጣውን አውልቆ «ሟች ስለሆነች ይቅር ይበሏት ጌታዬ» አላቸው። እናቴ እጄን ያዘች። ጀልባው ላይ እስክንወጣ እጄን አልለቀቀችም፤ ይህን ያህል አጥብቃ የያዘችኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም፤ ምናልባት ይዛኝ አታውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ፈጣን አገልግሎታችሁ። ወደ መስኮት ሰባት ተመልሼ መዝገቡ ትክክል መሆኑን፣ ፔርፔቱዋ መሞቷን፣ እኔም ታናሽ እህቷ መሆኔን በፈቃዴ ተናገርኩ። «እና አንቺ ማነሽ?» አለች ግሬቸል። ለዚህ የሚሆን ወረቀት አልነበረኝም። እሷ ግን ለሌላው ሁሉ ነበራት። የሟች ፓስፖርት ተበስቶ ለቅርብ ዘመድ ይመለሳል የሚል ደንብ ስላለ፣ ፎቶዬን ግንባሬ ላይ በስታ፣ «የሟች ባል» በሚለው ቦታ ሬናንቴን አስፈረመችውና፣ ደንቡ ስለሚያዝ ይመስለኛል፣ ብድግ ብላ «እግዜር ያጽናዎት» አለችው። ሬናንቴ «አሜን» አለና የእኔን እጅ ይዞ ወጣ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከቢሮዎ ያገኘሁት ከሁሉ የፈጠነ አገልግሎት ይህ ስለሆነ ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ትዳሬ። ሙሽራዋ ከሠርጉ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀድማ የሞተች በመሆኗ ጋብቻው አይጸናም ተብለናል። በኃጢአት ነው የምንኖረው፤ ቄሱም ይህን በሐዘን አረጋግጠውልናል። ባሌ ግን አልከፋውም፤ «ሁለተኛዋ ሚስቴ ከመጀመሪያዋ በሦስት ዓመት ታንሳለች፣ ወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?» እያለ በወደቡ ላይ ይፎክራል። ጉንጬን ሳልቀባ፣ ፀጉሬን ሳላቀልም ሦስት ዓመት ስለቀነሳችሁልኝ እኔም አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፤ አሁን ለመመዝገብ አለመመዝገቤን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጪ ተብያለሁ። አለመመዝገቤን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ ለማውጣት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ክብ ያሰመረ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ሁልጊዜ እጸልያለሁ።

የሙታን ቀን መጣ። አውሮፕላኑ ያለ እኛ በረረ፤ ሜርሊታ እንዳለችው ሰው አልበዛበትም ብዬ እገምታለሁ። እኛ ጀልባ ተሳፍረን ቡላክናይ ሄድን። ሬናንቴ ለጀልባ ጎን መጻፊያ የሚሆነውን ጥቁር ቀለም ይዞ ነበር፤ በነጩ ኖራ ላይ ተንበርክኮ፣ ምላሱን ጥርሱ መሐል አድርጎ፣ የእህቴን ስም ጻፈላት። ከሩቅ ሲታይ የዓሣ ጀልባ ስም ይመስላል። ሻማ አበራን፤ ሩዝና ዓሣ በላን፤ መንደሩ ሁሉ በየመቃብሩ ላይ ካርታ ሲጫወትና ሲሳሳቅ ዋለ። ይህ የጫጉላ ሽርሽራችን ነበር፤ ወንዝ የለውም እንጂ መብራቱ አላነሰም።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ቀሚሷን አስተካከለች። አጥር የለም፣ መምህርም የለችም፤ ራሷ ጮክ ብላ «ፔርፔቱዋ ማግባኑዋ!» ብላ ጠራች።

ክቡር ሆይ፣ «አቤት» አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የመለስኩትን ነገር ከአፍ መመለስ ከባድ ነው። ምላሴን ነከስኩት። ጥሪው ከእኔ በላይ አለፈ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ። እናቴ ያን ዝምታ እስከ መጨረሻው ድረስ ቆማ አዳመጠችው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልሰማችው እሱን ነበርና። ሻማው አልጠፋም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ ቄሱ ሲያጠምቁኝ ያወጡልኝን፣ ከደብተራቸው በቀር የትም ያልተጻፈውን ስም፣ አፏ እስኪለምደው እየቀመሰችው፣ «ኢሉሚናዳ» አለችኝ።

«አቤት» አልኳት።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የባሌን ስም ለመውሰድ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ባሌ ይጠብቅ። አስቀድማችሁ የእህቴን ሞት እንደ ሆነው አድርጋችሁ መዝግቡላት፣ ከዚያ እኔን ውለዱኝ፤ ተራዬን ለመጠበቅ ወንበር እንኳ አልጠይቅም። ጉዳዬ እስኪያልቅ ድረስ ዕድሜዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ፤ ይህም ምኞት፣ እስካሁን ባየሁት ፍጥነት፣ ለማንም የቢሮ ኃላፊ ከተመኙለት ሁሉ ረጅሙ ነው።

ከፍ ካለ አክብሮትና ከማያልቅ ትዕግሥት ጋር፣
በቢሮዎ መዝገብ ሟች፣ በሌላው ሁሉ መዝገብ ያልተወለድኩት፣
ታዛዥዎ ኢሉሚናዳ ማግባኑዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። «ውድ ፔርፔቱዋ፣ የመጪው ማክሰኞ የጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጠሮዎ ጸንቷል፤ ቀጠሮው ለሌላ ሰው አይተላለፍም» ይላል። እኔ ሌላ ሰው መሆኔ በቢሮዎ ስለተረጋገጠልኝ መልእክቱን በወረቀት ጽፌ መቃብሯ ላይ፣ እንዳይበር ድንጋይ ጭኜ አስቀምጬላታለሁ። ለወይዘሪት ግሬቸል ቀድመው ይንገሯት፤ ያን ዕለት መስኮት ሰባት ፊት ያለው ወንበር ባዶ ቢመስላትም ሌላ ተረኛ እንዳትጠራበት። እህቴ ስሟ እስኪጠራ ስትጠብቅ ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ደግሞም ፎቶ ስትነሳ አትስቅም።